የኋላ ወንበር

ቅዳሜ፣ ጥር 19 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጠዋት ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የስፖርት መኪናዬን ካርቡራተር ስገጥም እማዬ በእግሯ መጣች። እህቴ አልማዝ ዛሬ ከእስር እንደምትፈታ ለእማዬ ተነግሯታል። "ተነስ፣ በመኪናህ እናምጣት" አለችኝ። ካርቡራተሩን ገጥሜ ጨርሼ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ተነሳሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ነገ ከቦሌ ሚካኤል ጀርባ ሜዳው ላይ ከጓደኞቼ ጋር እሽቅድድም አለን። መኪናዋ ቀለል እንድትል ብዬ የኋላውን ወንበር ነቅዬ አውጥቼዋለሁ። ትዝ ያለኝ እስር ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነው።

አልማዝ ባዶ ዘንቢል ይዛ ወጣች። እማዬ ወርዳ የፊቱን ወንበር ልትለቅላት ስትል፣ "ተይ እማዬ፣ እኔ ወለል ለምጃለሁ" ብላ ከኋላ ገብታ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለች።

"እሽቅድድሙን አልተውክም?" አለችኝ።

"አልተውኩም።"

ማርሽ ስቀይር እንዳላንገጫግጫት ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ ነበር የምለቀው።

እቤታችን በር ላይ አንዲት ጉድጓድ አለች። ድሮ አልማዝ ከኋላ ከተቀመጠች ከስር ያለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ እዚያ ጋ መሬት ሳይፍቅ አያልፍም ነበር። "እኔን አውርደኝና እለፍ" እያለች ትስቅ ነበር። ዛሬም እንደልማዴ ቀስ ብዬ ድምፁን ጠበቅኩ። ማርሚታው መሬት አልነካም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አልማዝ እዚያው ናት፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል።

ወንበሩ ስለሌለ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ግን ወንበሩን ብቻዬን ነው ተሸክሜ ያወጣሁት። ያን ያህል አይከብድም።