የኪዳነ ምሕረትን ወይን ያተረፉት አቶ ሩፋኤል በራኺ (1934–1996)

አቶ ሩፋኤል በራኺ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 በሰገነይቲ ተወለዱ። ለአባታቸው ለአቶ በራኺ ተወልደና ለእናታቸው ለወይዘሮ ለተሚካኤል ፍረዘጊ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ደቀምሓረ አጠገብ በአንድ ጣሊያናዊ እርሻ የወይን ሐረግ በመግረዝ ይተዳደሩ ስለነበር፣ ሩፋኤልም በልጅነታቸው ከፊደል እኩል የወይን ቅጠል ገልብጦ ማየትን ለመዱ። ቤተሰቡ የካቶሊክ ምእመን በመሆኑ ትምህርታቸውን በከተማው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምረው በአስመራ ጨረሱ፤ ከዚያም ጅማ ወርደው እርሻ ተማሩ።

በ1957 ሥራ ይዘው የአንበጣ መንጋ ለመከላከል ወደ ወሎ ተላኩ። ሊጠይቋቸው ከደሴ ድረስ መጥታችሁ ለቀብሩ የደረሳችሁ ወገኖቻችን ቀልዱን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ «አንበጣ ሊያባርር መጥቶ ልጃችንን ይዞ ሄደ» የሚባልላቸው እሳቸው ናቸው። ይህንንም ጽሑፍ ከትግርኛው ቀጥሎ በአማርኛ የምናነበው ለእናንተ ብለን ነው።

በ1962 ከደሴዋ ልጅ ከወይዘሮ ሠርካለም ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ወይዘሮ ሠርካለም ከቤተ ክህነት ቤት የተወለዱ ኦርቶዶክሳዊት ናቸው። ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ ብዙ ደከሙ፤ ሁለቱም ግን የአባት የእናታቸውን ሃይማኖት አንለቅም አሉ፣ መፋቀራቸውንም አልተዉም። በመጨረሻ በሰማንያ ተጋቡ። በቁርባን ባለመጋባታቸው ወይዘሮ ሠርካለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴ አስቀድሰው ይመለሳሉ እንጂ አልቆረቡም። ሳቅ የማይጠፋበት ያ ቤት አንድ ሐዘን ነበረው፤ እሱም ይኸው ነው። አቶ ሩፋኤል ስለዚህ ጉዳይ አፍ አውጥተው ሲናገሩ አልተሰሙም፣ ነገር ግን ባለቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ድረስ ወጥተው ሳይቀበሏቸው የቀሩበት እሑድ አይታወስም።

በ1964 ወደ አስመራ ተዛውረው ማይ ጭሆት ሰፈር ቤት ሠሩ። ዲናን፣ ኣማኑኤልንና ወጋሕታን ወልደው አሳደጉ። በእርሻ መሥሪያ ቤት በተባይ መከላከል ሥራ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1992 አገለገሉ። ገበሬ መድኃኒት ፍለጋ ሲመጣባቸው «ቆይ፣ መጀመሪያ ተባዩ ማን እንደሆነ እንወቅ» ይሉና ማሳው ድረስ ይሄዱ ነበር። ሰው ቤት ሲጋበዙም ከባለቤቱ ቀድመው ግቢው ውስጥ ያለውን ሐረግ ሰላም ይላሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር፤ ሐሜቱ እውነት ነው። በጦርነቱ ዓመታት ኣማኑኤል ከታጋዮች ጋር ሜዳ ወጥቶ ሳለ በጣም ከሱ፤ ልጃቸው ነጻነት በመጣ ማግስት በሕይወት ሲመለስ ግን መልሰው ወፈሩ።

ከአስመራው ፓራዲዞ ሰፈር ወጣ ብላ ያለችው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ከገበያ እየጠፋ ሲያስቸግራት በግቢዋ ወይን ተክላ ነበር። በ1994 መጀመሪያ፣ ፍሬው ገና የጎመን ዘር ሲያክል፣ የእሳት እራት ገባበት። እራቷ ዘለላው ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ፍሬዎቹን በድር አስሮ ከውስጥ ይበላቸዋል፣ የተረፈው ይበሰብሳል። ሰበካ ጉባኤው ኮምቢሽታቶ ጎዳና ካለ ሱቅ የሚረጭ መድኃኒት ገዛ። አስተዳዳሪው ቀሺ ዘርዓይ ግን የግቢው በር ላይ ቆመው «ኣይፋልን! መርዝ የነካው ዘቢብ ጽዋ ውስጥ አይገባም» አሉ። እንግዲያስ ሐረጉ ይነቀልና ቦታው ለሱቅ ይከራይ የሚሉ ተነሡ።

ወይዘሮ ሠርካለም ይህን ሰምተው እቤት ሲገቡ፣ «የዲና አባት፣ እኔስ ቀረብኝ፤ ለሚቆርቡት አይጥፋባቸው» አሉ። አቶ ሩፋኤል በማግሥቱ ብስክሌታቸውን ይዘው ወጡ።

ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሰብስበው፣ የኮመጠጠ ወይን ጠጅና አቼቶ በስኳር በጥብጠው በየሐረጉ ሰቀሉ። እራቷ ሽታውን ተከትላ ትገባና ትሰምጣለች፤ በጣሳው ውስጥ ስትበዛ እንቁላል የምትጥልበት ሰሞን ደርሷል ማለት ነው፣ ትሉም ፍሬ ውስጥ ሳይገባ በእጅ መለቀም አለበት። ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ይህን ከየት ይወቀው! «ካቶሊኩ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያናችንን ባር አደረጓት» ተብሎ ተሳቀባቸው። አብረው ሳቁ።

ነገር ግን የመልቀሚያው ሰሞን ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት ጋር ተጋጠመ። ከእሷ ቀጥሎ ገብርኤል፣ ከእሱ ቀጥሎ ማርያም፣ በመሀል ሰንበት እየገባ የተቀጠሩት ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። አቶ ሩፋኤል ሲጨንቃቸው «ኣቦይ ቀሺ፣ ትሏ እኮ በዓል አታከብርም» አሉ። ቀሺ ዘርዓይም «ሓቅኹም፣ እውነት ነው። እኛ ግን እናከብራለን» ብለው መለሱ። የዚያ ዓመት ፍሬ አብዛኛው በሰበሰ። ሰበካ ጉባኤው ሐረጉን ሊነቅል ወስኖ ነበር፤ በቀሺ ዘርዓይ ልመና አንድ ዓመት ብቻ ተጨመረለት።

አቶ ሩፋኤል በማንም ላይ አላማረሩም። ሐረጉ በተገረዘ ጊዜ የላላውን ቅርፊት እየላጡ፣ እዚያ ተሸሽጎ የሚከርመውን ትል እያወጡ አቃጠሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። በዓል ሲሆን ሠራተኛ አይገኝም፣ ግቢው ግን በሰው ይሞላል። ቀሺ ዘርዓይን፣ አስቀድሶ የሚወጣ ምእመን አንዳንድ ትል ቢለቅም ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቋቸው። ቀሺ ነገሩን ብዙ አወጡት አወረዱት፤ በመጨረሻም «በደመወዝ ከሆነ ሥራ ነው፤ ለጽዋው ተብሎ በነጻ ከሆነ አገልግሎት ነው» አሉ።

በ1995 የካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ሕዝቡ ነጠላውን አደግድጎ በሐረጉ መሀል ገባ። አቶ ሩፋኤል ድር ያለበትን እንዲያነሡ፣ ንጹሑን እንዳይነኩ ለእያንዳንዱ እያሳዩ ዞሩ፤ መነጽር ለሌላቸው አሮጊቶች የራሳቸውን አዋሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ያን ቀን በዓይናችን አየነው። በየበዓሉም እንዲሁ ሆነ። በግንቦት የወረደው ዘለላ ንጹሕ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ደርቆ ዘቢብ ሆነ።

ያ ዘቢብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽዋ በገባበት ቀን ምእመናን ቆረቡ። አቶ ሩፋኤል በር ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሠርካለም በሴቶች በኩል ወጡና «ቀላ ብሎ ነበር፤ ከሩቅ አየሁት» አሏቸው። አቶ ሩፋኤል እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አለቀሱ።

በ1996 መጀመሪያ የጉበት ሕመም አደረባቸው። በአስመራ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እንደማይድኑ ሲያውቁ፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ምሥጢራትን ተቀበሉ። ቀጥለውም ቀሺ ዘርዓይን አስጠርተው፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ ባለቤታቸው መቁረብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ቀሺም «እወ። ንስሐ ገብተው ይቆርባሉ» አሏቸው። ወይዘሮ ሠርካለም ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ይቅርብኝ፤ አንተ ኑርልኝ» አሉ። አቶ ሩፋኤልም እጃቸውን ይዘው «እኔን ብለሽ ሠላሳ አራት ዓመት ቀርተሻል፤ አሁን ደግሞ እኔን ብለሽ ሂጂ» አሏቸው። ወይዘሮ ሠርካለም ፊታቸውን አዞሩ እንጂ አልመለሱላቸውም።

አቶ ሩፋኤል በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ትናንት ጥቅምት 8 ቀን 1996 በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠርካለምን፣ ሦስት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ወይዘሮ ኣረጋሽን ትተው ሄደዋል።

የነፍሳቸው ጌታ ደጁን ይክፈትላቸው፣ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፋቸው። ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ።

አንድ ቃል ቀርቶናል፤ በአስከሬናቸው ፊት እንዲነበብ ወይዘሮ ሠርካለም ራሳቸው አዘውናል። ዛሬ ጠዋት ቀሺ ዘርዓይ መጥተው ጠይቀዋቸዋል። «እሺ፣ እሄዳለሁ ብላለች በሉት» ብለዋል።