ባለቤት አልባው የግድግዳችን መሃል

ይድረስ ለተከበሩ የአሮጌ ቤቶች እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ግድግዳዎም የደረቀ ይሆን ዘንድ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። በመቀጠልም በመኝታ ቤታችን፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ አንድ እንጉዳይ በሰላም መወለዱን ለጽሕፈት ቤትዎና ለመላው የሰፈራችን ነዋሪ ስገልጽ ደስታዬ ወሰን የለውም። የልጅ ልጆቼ መልኩ እድሳቱን ሊያይ ወደ መጣው ተቆጣጣሪዎ ያደላል ይላሉ፤ እኔ ግን ሳላጣራ ሰው አላማም።

ክቡር ሆይ፣ ቤታችን አባቴ በድንጋይና በኖራ ያቆመው ነው። ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተነፍሳል፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ቤታችሁን ከውስጥ ሸፍነን እናሙቅላችሁ ብላችሁ በመጣችሁ ጊዜ ባለቤቴ መርቃችኋለች። ምርቃቷን መልሱ አልልም፤ ይልቅስ የሚከተሉትን ምስጋናዎች ተቀበሉኝ።

አንደኛ፦ የጣራው አሸንዳ ተሰብሮ ውሃውን ግድግዳው ላይ እንደሚያፈስ ለሠራተኞችዎ ስነግራቸው፣ እነሱ የጽሕፈት ቤትዎ የውስጥ ክፍል ሠራተኞች እንደሆኑና የግድግዳው ውጫዊ ፊት የውጭ ክፍልን እንደሚመለከት በትሕትና አስረድተውኛል። የውጭ ክፍልም መጥቶ፣ አሸንዳውን አልፎ፣ ድንጋዩን በሲሚንቶ ለሰነልን። የውስጥ ክፍል ደግሞ በፎም ሰሌዳና በላስቲክ ጠቀለለልን። እንግዲህ አንዱ ፊት የአንዱ፣ ሌላው ፊት የሌላው ሲሆን መሃሉ ባለቤት አጣ። ውሃም ብልህ ነውና ይህንን አይቶ እዚያው ሰፈረ። አሸንዳው ከላይ ያጠጣዋል፤ የእኛ ትንፋሽና የማንቆርቆሪያው እንፋሎት ደግሞ በሰሌዳው ስንጥቅ ሾልኮ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። መውጫ ግን የለውም። እንዲህ ያለ እስር ቤት ለሌባ ተሠርቶ ቢሆን አንድም አያመልጥም ነበር።

ሁለተኛ፦ ተቆጣጣሪዎ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት መጥቶ ሰሌዳውን በመዳፉ ዳሰሰና ደረቅ ነው ብሎ መሰከረ። የታመመን ሰው ካፖርቱን ዳስሶ ትኩሳት የለውም እንደማለት ነው። ከጀርባው ሻጋታ ይሸታል ብዬ ብነግረው ቀን ከሌት መስኮት እንድንከፍት መከረን። ሙቀቱ እንዳይወጣ እናንተ ሸፈናችሁ፣ እርጥበቱ እንዲወጣ እኛ ከፈትን፤ አሁን በሞቀው ቤታችን ውስጥ ካፖርት ለብሰን እንቀመጣለን። በመጨረሻም ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፤ እናንተ ብዙ ትተነፍሳላችሁ» አለኝ። ትንፋሼን እንድቀንስ ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ትእዛዙን መፈጸሜ ስለማይቀር በትዕግሥት ይጠብቁኝ።

ሦስተኛው ምስጋና ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ባለቤቴ ሳል ጠናባትና ትራሷን ይዛ ልጃችን ቤት ገባች። በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተና ግድግዳው ስትታረቁ ጥሩኝ» አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ እኔም ብርዱን ላስወጣ ስል ሚስቴን አስወጣሁ።

ከግድግዳው ጋር ለመታረቅ ዝግጁ ነኝ፤ ሽማግሌም አያሻንም። መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን። ከዚያ ሲሚንቶው ይፈልፈል፣ ላስቲኩና ሰሌዳው ይነሳ፣ ድንጋዩም እስኪጠግብ ድረስ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ እናሙቀው ካላችሁ፣ እርጥበት በሚያሳልፍ ነገር ሸፍናችሁ በኖራ ለስኑት። የሚያግደኝ ሰሌዳው ላይ የለጠፋችሁት «ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ማኅተም ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መልስ ካላገኘሁ፣ ሰሌዳውን ከነማኅተሙ አንስቼ ቢሮዎ ድረስ አመጣዋለሁ፤ የሚረከበኝ የውስጥ ክፍል ይሁን የውጭ ክፍል፣ ከወዲሁ ቢወስኑልኝ ደስ ይለኛል።

ለመድረቅ ጊዜ ካጣ አክብሮት ጋር፣
ትንፋሹን እየቆጠበ የሚኖር ታዛዥዎ፣
የድንጋዩ ቤት አያት

ማስታወሻ፦ እንጉዳዩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሻጋታ ብዬ ብጀምር ደብዳቤው የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት እስኪወሰን እንደማይነበብ ስላወቅሁ ነው። ብዙ ትተነፍሳላችሁ የሚለውን ግን እንኳን እኔ፣ ከእኔ የባሰ ዋሾም ሊፈጥረው አይችልም። የአልጋዬ ባዶ ጎንም ፈጠራ አይደለም፤ ተቆጣጣሪዎ ሲመጣ እሱንም በመዳፉ ይዳስሰው።