ጋሽ ተክሌ የሸመደዱት የቡድን ታሪክ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ፣ ካናዳ ካለው የልጃቸው የሰላም እጮኛ አባት ጋር በቪዲዮ ይተዋወቃሉ። ሰውየው ድሮ የካናዳ ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ ያ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ጋሽ ተክሌ ሲያዩት «እጅ ነው! ዳኛው ታውሯል እንዴ?» ብለው የጮኹበት ጨዋታ። የቡድኑን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ላከላቸውና እኔን ተርጉሚልኝ አሉኝ። ሁለት ገጽ አንብቤ ሰለቸኝ። «ተሸንፎ አያውቅም፣ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም» ብዬ ተገላገልኩ። እሳቸው ደግሞ ልጅ የሚድሩ ሳይሆን ማትሪክ የሚፈተኑ ይመስል ሸመደዱት። የቤቴል ታክሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር አውርተውታል።

ዛሬ ጠዋት ቀሪውን አነበብኩት። ቡድኑ ሲሸነፍ ሲሸነፍ ከስሮ ተዘግቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ደጋፊዎቹ ናቸው ያስከፈቱት። ሲዘጋ አምበሉ ማን ነበር? የእጮኛዋ አባት!

ጋሽ ተክሌ ዛሬ የሸመደዱትን ሲያወሩለት የሚያሾፉበት ይመስለዋል። የሰላም ሰርግ በእኔ ስንፍና ሊበላሽ ነው። ልነግራቸው ሦስቴ ሄድኩ፤ ሦስቴም ከረባት አስረው መስታወት ፊት ሲለማመዱ አገኘኋቸውና ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

አሁን ከአጥሩ ወዲያ እየጠሩኝ ነው። «አስተርጓሚዋ! ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ!»