ያልቀነስኳቸው ሦስት ሰዓቶች

እድሪስ ሆዴ፣ ሰላም ባረፍክበት ይድረስህ። አፈር ካለበስንህ ስምንት ወር ሞላ። ጽሕፈቴ እንደምታውቀው ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ የተለቀመ ነውና ስህተቱን እለፍልኝ።

ሐሊማችን አምስተኛ ክፍል ገብታለች። የጓሮው ሎሚ ደርቆ ነበር፤ በክረምቱ አቆጠቆጠ። ሬዲዮህ ግን ቤት የለችም። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ያ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ሬዲዮዋን ከደብዳቤ ጋር የላከልህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ተማሪ እንዲማርባት የተሠራች፣ ከልብስ ሳጥን የማትበልጥ ሳተላይት ምድርን ትዞራለች አልከን። ተማሪዎችህን ሐይቁ ዳር ሰብስበህ ሽቦውን ወደ አምባሰል ተራራ አቀናህ። ድምጿ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ቁጥር ትደረድር ነበር፤ የሙቀቷን ልክ ነው የምትነግረን ብለህ አስረዳህ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። የምታልፍበትን ሰዓት እስከ ዓመቱ መጨረሻ በደብተርህ ስትጽፍ፣ ይህ የነሱ አቆጣጠር ነው፣ ሦስት ስትቀንሺ የኛው ይሆናል አልከኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀበሌዎች ቤቱን ፈተሹ። ደብተሩ ቁጥር በቁጥር ሆኖ፣ «ከአርዲቦ ወጥታ በአምባሰል ትገባለች» የሚለውን ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። የጠላት አውሮፕላን መንገድ ነው ብለው ደብተሩንም ሬዲዮዋንም ወሰዱ። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ አስጠርቶኝ፣ የተማሪ መማሪያ ናት ካልሽ እስቲ አናግሪያት አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩ። የቀኑ መስመር ሰባት ሰዓት ይላል፤ ሰባት ሰዓት አልኳቸው። መቀነሱን ፍርሃት አስረሳኝ።

በሰባት ሰዓት በቀበሌው ግቢ መሀል ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ሬዲዮዋ ሽው ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም። አንዱ ጠባቂ፣ የአስተማሪ ሚስት ሰማይ ታዛለች ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ሊቀመንበሩም ደብተሩን ወረወረልኝና «ይህቺስ የሞተች ናት፤ ሂጂ፣ ልጅሽን አሳድጊ» አለኝ። ሬዲዮዋን ግን በቢሮው መደርደሪያ ላይ አስቀራት።

ሽንኩርት ተራ ስደርስ ሦስቱ ሰዓት ትዝ አለኝ። በአራት ሰዓት፣ ገና ሳልጠራ፣ አልፋ ሄዳለች። እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። በባዕድ ቋንቋ ቁጥር ስትደረድር ሰምተዋት ቢሆን፣ የሙቀቷ ልክ ነው ብል ማን ያምነኝ ነበር? ለሐሊማ እናቷን ያተረፈላት መሳሳቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰዓት በተቃረበ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ቀበሌው እጥላለሁ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ዜና ልስማ ብሎ የሬዲዮዋን ቁልፍ ቢያዞርስ? ደብተሩን እሳት ዳር ወስጄ ነበር፤ ጽሕፈትህን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። እናትህ የወደቀ ጽሑፍ እንዳይረገጥ የምትሸጉጥበት የግድግዳ ስንጥቅ አለ አይደል፤ እዚያ ከትቼ በጭቃ መረግኩት።

ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ሰዓቱ ደረሰ። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ጎረቤት ምን ታያለች እንዳይለኝ። እርጥቡን ነጠላ ፊቴ ላይ ዘርግቼ በስሩ አየሁ። ሰማዩ ባዶ ነው።

አልረሳህም፣ እድሪሴ። ዘመኑ ሲፈቅድ ጭቃውን ልጬ፣ ሐሊማን ደብተርህን አስነብባታለሁ። እስከዚያ፣ ሦስት ቀንሺ ያልከኝን ለሷም አልተነፍስም።