ገንፎ የበላው ጭራቅ

ለውድ እህቴ ለፑሴሌትሶ፣

እንዴት ነሽ የእናቴ ልጅ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ጆሃንስበርግም እንደኛ ይበርዳል? እኛ ከብርዱ በቀር የጎደለን የለም፣ ተመስገን። ልጅሽ ኬኔዌም ደህና ናት፣ ጉንጯ ሞልቷል። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

በደብዳቤሽ «ልጄን በጭራቅ ተረት ብታስፈራሪያት መጥቼ እወስዳታለሁ፤ የግድ ካልሽም በቀን ንገሪያት» ብለሽኝ ነበር። ከተማ ገብተሽ ረሳሽው እንዴ? በቀን ተረት የሚያወራ ሰው ቀንድ ያበቅላል። በዚህ ዕድሜዬ ቀንዴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልግባ? ቃልሽን ላክብር ብዬ ግን አመሻሽ ላይ እሳት ዳር ስናወራ ጭራቁን አለዘብኩት። ሰው መብላቱን አስተውኩትና ከመንደራችን በታች ካለው ገደል ዋሻ ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ገንፎ የሚወድ ምስኪን አደረግሁት። ልጄ ፓሌሳ አኮረፈች፤ «ይሄ ጭራቅ ነው ወይስ አጎታችን?» አለችኝ። ኬኔዌ ግን አዘነችለት።

ሐሙስ ዕለት ልብስ አጥቤ ስመለስ ኬኔዌ የለችም፤ የምሳ ገንፎዬም ከነድስቱ የለም። እየበረርኩ ወደ ገደሉ ወረድኩ። ያ ገደል ስንት ላም እንደጨረሰ ታውቂያለሽ። ስደርስ ልጅሽ ዋሻው አፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከነፋስ ሊጠለሉ ገብተው እንቅልፍ ወስዷቸው የነበሩት ጎረቤታችን አባባ ራሞሊሴ ደግሞ አጠገቧ ጣታቸውን ይልሳሉ። «አባባ ጭራቅ እርስዎ ነዎት?» ብላ ቀስቅሳቸው ኖሯል። እሳቸውም «ገንፎው የጭራቅ ከሆነማ፣ ነኝ» ብለው በሉት። አላፈሩም፣ ጨው አንሶታል ብለው እኔኑ ወቀሱኝ።

እኔ ግን እጇን ይዤ ሽቅብ ስመለስ አሰብኩት። ዛሬ አባባ ራሞሊሴ ሆኑ፣ ነገስ? አየሽ፣ ደግ ጭራቅ ልጅ ይጠራል። እኔና አንቺን ከዚያ ገደል ያራቀን ማን ይመስልሻል? እናታችን ያልለዘበውን ስለነገረችን አይደል?

የዚያኑ ዕለት ማታ ለተረቱ ጭራቅ ጥርሱን መለስኩለት። መንደሩን ከነከብቱ ዋጠ፤ የአንዲት ሕፃንንም እናት ዋጠ። የዱባ ሐረግ ሥር የተደበቀችው ሕፃን ብቻ ቀረች፤ አድጋ ሆዱን በጦር ቀደደችውና ሁሉም ወጡ። ኬኔዌ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ሰማችኝ። አለቀሰች ብለሽ እንዳታስቢ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«እናትየዋ ስትወጣ ልጅቷ አድጋለች። አወቀቻት?»

«አንገቷን አሸተተችና አወቀቻት» አልኳት። እፎይ ብላ ጭኔ ላይ ተኛች። እዚህ ከመጣች ወዲህ ሳትባንን ስታድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት አየሁ።

ልትወስጃት ካሰብሽ ያንቺው ልጅ ናት፣ አልከለክልሽም። ብቻ ለገና ስትመጪ፣ እኔን ከመቆጣትሽም ሻንጣሽን ከማስቀመጥሽም በፊት አንገቷን አሽትቺ። ትጠብቃለች።

ባለቤትሽን ሳሚልኝ፤ አከራይሽን እማማ ኖምቩላንም ሰላም በያቸው። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል፤ ፓሌሳም ትስምሻለች። አባባ ራሞሊሴም ሰላም ብለዋል፤ መንደሩ ሁሉ «ጭራቁ» ይላቸው ጀምሯል፣ ቅርም አላላቸው።

እህትሽ ማፓሌሳ
ኩቲንግ፣ ሌሶቶ
ጁላይ 14 ቀን 1996