ደማስቆ ሳትደርሺ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም

ለምወድሽ ልጄ ለጀሊላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የካይሮ አየር ተስማማሽ ወይ? ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው፤ ወንድምሽ ሙሀመድየሱፍ ፎቶ አንስቶ በስልክ ይልክልሻል።

ዓባይ ዳር ቆመሽ የተነሣሽውን ፎቶ አባትሽ ከጨርቅ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ሸዋዬ የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ፣ «ሐጂ፣ ልጅዎ ዛሬስ የት ደረሰች?» አለቻቸው።

«ካይሮ! ከደጃችን የወጣውን ውሃ ተከትላ!»

«ልጅዎን ባመሰግንልዎ ዋጋ ይቀንሱልኛል?»

«ልጄን ለማመስገንማ መክፈል ያለብሽ አንቺ ነሽ!» ብለው ሳቁ።

ያንን የጥንት የሞሮኮ መንገደኛ፣ ኢብን ባጡጣን፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ሊሆነው፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው እንኳ ሳይኖረው ከእናት ካባቱ ተለይቶ ወጣ። መርከብ ተሰብሮበት፣ ተዘርፎ፣ እንደገና ተነሥቶ የሚሄድ ምን ዓይነት ልብ ነው! አንቺም ሴት ልጅ ሆነሽ ዱካውን ስትከተይ፣ ከእኔ መወለድሽ ይደንቀኛል። እኔ እንደሁ ከወረታ አላለፍሁም።

አንድ ቀን የጉዞ መጽሐፉን ስታነቢልኝ፣ «ደማስቆ ሲገባ አባቱ ከሞቱ ዐሥራ አምስት ዓመት እንዳለፋቸው ከአንድ ያገሩ ሰው ሰማ» አልሽኝ። «ምነው እስከዚያ የሚነግረው ጠፋ!» ብዬ ተቆጣሁ። አንቺም ሳቅሽብኝ።

ጀሊላዬ፣ አንቺም አሁን ወደ ደማስቆ ልትሄጂ ነው። ስለዚህ ከእኔ ስሚው። አባትሽ ባለፈው ዓርብ፣ ከጁሙዓ መልስ፣ ልባቸው ደክሞ አረፉ። ስትደውይ «መስጊድ ናቸው» ያልሁሽ ውሸቴን ነው። አጎትሽ አብዱልከሪም፣ «መርዶ በደብዳቤ? በሰው አገር ብቻዋን ትውደቅ? ስትመጣ ተሰብስበን እናረዳታለን» ብሎ ጮኸብኝ። ደጉን አስቦ ነው። እኔ ግን ከመንገደኛ እንድትሰሚው አልፈቀድሁም።

ብቻሽን አታልቅሺ፤ ያሳደሩሽን ሴትዮ ጥሪያቸው። ጉዞሽን ደግሞ አታቋርጪ። ሱቁን ሙሀመድየሱፍ ከፍቶታል፤ ፎቶሽን ከግድግዳው አላነሣነውም፤ ገበያተኛውም የት እንደደረስሽ ዛሬም ይጠይቃል።

ያኔ ስለ ኢብን ባጡጣ እናት ስጠይቅሽ ገጹን ዘለልሽብኝ። ሙሀመድየሱፍ አነበበልኝ፤ አገሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው ሞቷን የሰማ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የራቀኝ።

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያገናኝሽ፤ ያበላሽንም ያጠጣሽንም ይባርክልኝ። ያንን ሰው እስከ መጨረሻው ተከተይው፤ እናቱ በሕይወት ሳለች ባለመድረሱ፣ በዚህ በአንዱ ብቻ አትምሰይው።

እናትሽ መዲና