እትዬ ያላወሩት ወሬ

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጊዜ አጣሁ ብዬ እንዳላመካኝ እርስዎ ሰበብ ከሩቅ ያሸታሉ። ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ ትንሿን ጥፋቴን ልናዘዝ። «ሬዲዮ» የሚለውን ስም ያወጣሁልዎት እኔ ነኝ። ከስፌት መኪናዎ ፊት ተቀምጠው፣ ስፒል በከንፈርዎ ይዘው እንኳ፣ የማን ትዳር እንደሻከረ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ያወሩ ነበር። ቀሚስ ላስጠብብ ስመጣ አፌን ዘግቼ ነበር የምለካው።

ከዚያ ያ ክፉ ሳምንት መጣ። ስልኩ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ አውቶቡስ ቆመ፤ ከዋናው ጎዳና ተኩስ ይሰማል። እርስዎ ግን ሜትርዎን አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው፣ «ልብስ ላደርስ ነው» እያሉ፣ በየጓሮው ተሹለክልከው ከቤት ቤት ዞሩ። ማን በሰላም ገባ፣ የቱ መንገድ ተዘጋ፣ የትኛው ዳቦ ቤት በጓሮ በር ይሸጣል፤ ሁሉን አደረሱልን። አንድም ቃል አልጨመሩበትም። ያላዩትን «አላየሁም» ይሉ ነበር፤ ያንን ቃል ከአፍዎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነርሱ ወንድሜ ጎዳና ላይ የወደቁትን ቁስል ሲያስር ታይቶ በወታደሮች ይፈለግ ጀመር። ሳልጠይቅዎ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው መጡ።

«አምጪው፤ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ይተኛል። እኔ ቤት ምስጢር አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም» አሉኝ።

በዚያ ጭንቀት መሃል አሳቁኝ። ሰጠሁዎት።

በሦስተኛው ቀን እርስዎን ወሰዱዎት። እኔ ለእርስዎ እንኳ አላዘንኩም፤ «በቃ፣ አሁን ይዘከዝኩታል» ነው ያልኩት። ወዲያው ወንድሜን ከሱቅዎ አውጥቼ አክስታችን ዘንድ ሂድ አልኩት። «እትዬ አይናገሩም፣ እዚሁ ልቆይ» ብሎ ለመነኝ። «አንተ አታውቃቸውም» አልኩት። ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳይሻገር ያዙት።

እርስዎ በማግስቱ ተለቀቁ። ያደረጉትን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። መርማሪው ስለ ወንድሜ ሲጠይቅዎ «ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ» ብለው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ያለቀለትን ሠርግና ፍቺ፣ የውሃ ቱቦ ጠብ፣ የጠፋች ድመት ሳይቀር ዘረገፉለት። ምሳ ሰዓቱ አለፈው። በመጨረሻ «ኧረ ሴትዮዋን አውጡልኝ፣ ራሴን ልታፈነዳው ነው!» ብሎ ጮኸ ይባላል። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የወንድሜ ስም አንዴም አልነበረበትም።

ደጄ ላይ ቆመው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጁስ?» ብለው ነው። «በራሱ ወጣ፤ ተው ብዬው እምቢ አለኝ» አልኩዎት። ዓይንዎን እያየሁ ዋሸሁ። ሰፈሩም ያንኑ አመነ፤ እርስዎ ስላወሩት።

ወንድሜ ከተፈታ ዓመት ሊሞላው ነው። እስር ቤት የተጎዳው ቀኝ እጁ አሁንም መርፌ አይጨብጥለትም፤ የነርስነት ሥራውን በግራ እየተማረ ነው። ባለፈው እሑድ እርስዎን ስናነሳ እንዲህ አለኝ፦

«እስር ቤት ሊጠይቁኝ ሲመጡ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ እኮ። "እህትህን ሰው እንዳይቀየማት፣ አንተም በራሴ ወጣሁ በል" ብለውኛል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ! ወደ ልጅዎ ከተማ ሲሄዱ እንኳ፣ ሁሉን እያወቁ፣ አቅፈው ስመውኝ ነው የሄዱት። እትዬ፣ እንደ እርስዎ ያለ ምስጢር ጠባቂ በሕይወቴ አላየሁም። ድፍረትዎንም፣ ቻይነትዎንም ሳስበው ራሴን እጠላለሁ፤ እርስዎን ደግሞ እጅግ እወድዎታለሁ።

ይቅርታውን በደብዳቤ አልጨርሰውም። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ወንድሜን ከሱቅዎ ያወጣሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ዳቦ ሻጯ የያዘችውን ከረጢት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከኋላዬ የቆሙት ጡረተኛው መምህር «እትዬ ታዲያ ይህን ሳያውቁ ነው የሄዱት?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

አክባሪዎ፣
ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤትዎ